ቤታችን ብክነት እንዲቀንስ ተስማምተናል፤ ከየት ይጀመር? ሥራውንስ ማን ይሠራዋል?

የጓዳው ሰው

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆቻችንና አብራን የምትኖረው እናቴ ሰሞኑን ተቀምጠን ተነጋግረን፣ ቤታችን የሚያባክነውን ለመቀነስ ተስማማን። ስምምነቱ ላይ ችግር የለም፤ ክርክሩ የመጣው ከየት ይጀመር የሚለው ላይ ነው። ልጆቹ የሚታያቸው ፕላስቲክ ነው፤ ከረጢትና ጠርሙስ ከቤት ይጥፋልን ይላሉ። እኔ ዓይኔ መብራትና ውሃ ላይ ነው። ባለቤቴን የሚያንገበግባት ከፍሪጅ እየወጣ የሚደፋው ምግብ ነው። እናቴ ደግሞ «ለአካባቢ ይስማማል» ተብሎ አዲስ ዕቃ መግዛት የሚባለውን ነገር ጭራሽ አትሰማም። «ያለው ሳያልቅ ሌላ አይገባም» ነው መልሷ።

ሁሉም የየራሱን ከተናገረ በኋላ ባለቤቴ «ይሄ ሁሉ ሲጨመር ስንቱ ነው የኔ ሥራ የሚሆነው?» አለች። ልክ ናት። ለእሷ ጥያቄ መልስ ሳላገኝ ምንም መጀመር አልፈልግም።

ስለዚህ እባካችሁ ልምዳችሁን ንገሩኝ። የአንድ ቤተሰብ ጉልበት የት ላይ ቢውል ነው እውነተኛ ለውጥ የሚመጣው? ለዓመታት የዘለቃችሁስ ምን ይዛችሁ ነው የዘለቃችሁት?

አፈርና ዘር

ወንድሜ፣ ባለቤትህን ስማት፤ ከምግብ ጀምሩ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ መሠረት በ2022 ብቻ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ በየመደብሩ፣ በየምግብ ቤቱና በየመኖሪያ ቤቱ ተጥሏል። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶ ያህሉ የወጣው ከመኖሪያ ቤት ነው። አንድ ሳህን ምግብ ሲደፋ የታረሰለት መሬት፣ የጠጣው ውሃና ያመላለሰው ነዳጅ አብሮ ይደፋል። ቆሻሻ ክምር ሥር ገብቶ አየር አጥቶ ሲበሰብስ ደግሞ ሚቴን ያወጣል። ሚቴን በ20 ዓመት ውስጥ ሲለካ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 እጥፍ ያህል የማሞቅ ኃይል አለው።

ሥራ ይበዛል ለተባለው፣ ይኼኛው እንኳ ሥራ ይቀንሳል። ያልተገዛ አይከተፍም፣ አይታጠብም፣ ተሸክመውም አይጥሉትም። እኛ ቤት ከፍሪጁ መደርደሪያዎች አንዱን «ቀድሞ የሚበላ» ብለነዋል። የተረፈና ለመበላሸት የቀረበ ሁሉ እዚያ ይቀመጣል፤ የራበው ሰው መጀመሪያ እጁን የሚሰደው ወደዚያ ነው። ገበያ ከመውጣታችን በፊት ፍሪጁ ተከፍቶ ይታያል፤ ዝርዝር የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። አብዛኛው ምግብ የሚበላሽብን ከኋላ ተደብቆ ስለሚረሳ ነበርና ይህቺው መደርደሪያ ብቻ ብዙ አዳነችን። የፍሪጁ ሙቀት ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ አይብለጥ፤ የበሰለውም በ2 ሰዓት ውስጥ ይግባ።

ስለ ቀን አንድ ነገር ልጨምር። እሽግ ላይ «ከዚህ ቀን በፊት ቢጠቀሙት ይመረጣል» ከተባለ የሚናገረው ስለ ጥራት ነው፤ ቀኑ ስላለፈ ብቻ መጣል የለበትም። «ከዚህ ቀን በኋላ አይጠቀሙ» የሚለው ግን የጤና ማስጠንቀቂያ ስለሆነ አትድፈሩት።

ሽቦና ቧንቧ

ሰላም። የምሠራው የቤት ኤሌክትሪክና ቧንቧ ነው። በየምገባበት ቤት «መብራት አጥፉ» እያለ ልጆቹን የሚከታተል አባት አያለሁ። መብራት ማጥፋት ደግ ነው፤ ነገር ግን ኤሌክትሪክ የሚበላው የሚያሞቅ ዕቃ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም።

አስሉት። 1 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ እስኪፈላ 0.09 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል። በዚህችው ኃይል ባለ 9 ዋት ኤል.ኢ.ዲ. አምፖል 10 ሰዓት ይበራል። 50 ሊትር የሚይዝ ቦይለር ውሃውን ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ያቺው አምፖል በዚያ ከ250 ሰዓት በላይ ትበራለች። ስለዚህ ለሁለት ሲኒ ሙሉ ማፍያ ውሃ አታፍሉ። ድስት ክዳን ይኑረው። ሻወር ላይ የሚቆየው ሰው ጥቂት ቀደም ብሎ ቢወጣ የቤቱን አምፖሎች ሁሉ ከማጥፋት ይበልጣል። ልብስ ማጠቢያ ማሽንም ሞቅ ባለ ውሃ ሲያጥብ አብዛኛውን ኃይል የሚጨርሰው ውሃውን በማሞቅ ነው፤ በጣም ላልቆሸሸ ልብስ 30 ዲግሪ ይበቃል። የቦይለሩን ሙቀት ግን ለቁጠባ ብላችሁ ከ60 በታች አታውርዱት። ለብ ባለ የታቆረ ውሃ ውስጥ ሳንባ የሚያጠቃ ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ይራባል።

እናትህ «ያለው ሳያልቅ» ማለታቸውን በጣም ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ላይ ብቻ ይፍቀዱልኝ፦ አሮጌው ባለ ሽቦ አምፖል ካለ ሳይቃጠል ይቀየር። ኤል.ኢ.ዲ. ቢያንስ በ75 በመቶ ያነሰ ኃይል ይወስዳል።

ውሃን በተመለከተ፣ በሴኮንድ አንድ ጠብታ የምትል ቧንቧ በዓመት ከ10 ሺህ ሊትር በላይ ታፈሳለች። መድኃኒቷ ብዙ ጊዜ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ጎማ መቀየር ነው። የሽንት ቤት ታንከር ማፍሰስ አለማፍሰሱን ለማወቅ ደግሞ ታንከሩ ውስጥ የምግብ ቀለም ጨምራችሁ ውሃ ሳትለቁ 10 ደቂቃ ጠብቁ። ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ ታንከሩ ያፈሳል ማለት ነው። ይህን ለልጆቹ ስጧቸው፤ ደስ ብሏቸው ነው የሚሠሩት።

የመንታ እናት

ያን ጥያቄ የጠየቀችውን ባለቤትህን ሰላም በልልኝ። እኔ የምኖረው እዚያው ጥያቄ ውስጥ ነው።

ልጆቼ ሲወለዱ የጨርቅ ዳይፐር ይሻላል ተባለ፤ ማጠቡ የኔ ሆነ። ቆሻሻ ይለይ ተባለ፤ መለየቱ፣ ማለቅለቁ፣ ማስታወሱ የኔ። የታሸገ ምግብ ይቅር ተባለ፤ እሱንም ምድጃ ፊት የምቆመው እኔ ነኝ። ሐሳቡን ሁሉም ይወደዋል። ሰዓቱ የሚወጣው ግን ከአንድ ሰው ቀን ላይ ነው። በየቤቱ የተጀመረ ነገር ለምን ይቆማል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ መጀመሪያ የማነሣው ምክንያት ይህ ነው። ሰው ዓለምን መውደድ አይሰለቸውም፤ ይደክመዋል እንጂ።

ዳይፐሩን ካነሣሁ አይቀር፣ የእንግሊዝ የአካባቢ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ጥናት ጠቅሞኛል። የጨርቁ ጥቅም ያለው አስተጣጠቡ ላይ ነው ይላል። በጣም በሞቀ ውሃ እየታጠበ በማሽን ከደረቀ ከሚጣለው ላይሻል ይችላል። ማሽኑ ሞልቶ ከታጠበ፣ ፀሐይ ላይ ከተሰጣና ለቀጣዩ ልጅ ከተላለፈ ግን ልዩነቱ ግልጽ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ባለቤቴ ማጠቡንና ማስጣቱን ሙሉ በሙሉ ወሰደው። «ረዳኝ» አላልኩም። ወሰደው። አልቆ እንደሆነ የሚያየው እሱ፣ ዝናብ ሲመጣ የሚያነሣው እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሕግ አለው፦ ባለቤት የሌለው ሥራ አይጀመርም። ልጅም ሆነ አባት አንድ ሐሳብ ካመጣ ማን፣ መቼ፣ እስከ መቼ እንደሚሠራው አብሮ ይናገራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ደግሞም ቅድሚያ የምንሰጠው ሥራ ለሚቀንሱት ነው። አንዴ የተለበሰ ልብስ ሁሉ ቆሻሻ ቅርጫት አይገባም፤ አየር ላይ ውሎ እንደገና ይለበሳል። ካኒቴራና የቤት ልብስ አይተኮስም። በአንድ ማብሰያ ለሁለት ቀን ይበስላል። ከእነዚህ አንዱም ሰዓት አልጨመረብኝም።

የጓዳው ሰው

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ወሰደው» የሚለው ጋ ስደርስ «ድገመው» አለችኝ። ከልብ አመሰግናለሁ።

ከቁጥር አንጻር

ይቅርታ፣ ሐሳቤ ከሌሎቻችሁ ይለያል። የሁላችሁንም ጥረት አከብራለሁ፤ ግን ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምን ቤተሰብ ላይ ይጫናል? እያንዳንዱ ሰው የራሱን «የካርቦን አሻራ»፣ ማለትም በአኗኗሩ ወደ አየር የሚያስለቅቀውን የሚያሞቅ ጋዝ መጠን፣ እንዲያሰላ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ በሰፊው ያስተዋወቀው ቢፒ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ነው። ነዳጅ ሻጩ ዞር ብሎ ገዢውን «አንተስ ስንት አቃጠልክ?» አለው ማለት ነው። ኤሌክትሪኩ ከድንጋይ ከሰል ይምጣ ከውሃ፣ አውቶቡስ ይኑር አይኑር፣ ዕቃ ተሠርቶ እንዲጠገን ይሁን እንዲጣል፣ ይህን ቤተሰብ አይወስነውም። እናት ጠርሙስ ስታለቀልቅ ትልቁ ጉዳይ ሳይነካ ያልፋል።

የክፍል ኃላፊ መምህር

ከላይ ያለው ሐሳብ ከባድ ነው፤ ገሚሱን እቀበላለሁ። ትልልቅ ለውጦች የመጡት በሕግና በስምምነት ነው። የኦዞን ሽፋንን ይበሉ የነበሩ ኬሚካሎች የቀሩት እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት እንጂ እያንዳንዱ ቤት ፍሪጁን መርጦ ስለገዛ አይደለም። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ለመኪና መሸጡ በዓለም ሙሉ በሙሉ ያቆመው በ2021 ነው፤ እሱም አገሮች አንድ በአንድ ስለከለከሉት ነው።

ገሚሱን ግን አልቀበልም። ቤት ውስጥ ብክነትን ያየ ልጅ ትምህርት ቤት መጥቶ «የመጠጥ ውሃው ቧንቧ ለምን ያፈሳል?» ብሎ ይጠይቀኛል። ቤቱ ያልለመደ ልጅ አይታየውም። ሕግ እንዲወጣ የሚጠይቅ ሰው ከየት ይመጣል? ካየ ቤት ነው የሚመጣው። ቤተሰቡ ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱን ከቤት ውጭ ላለ ነገር ይተው፦ ለሕንፃው አስተዳደር፣ ለትምህርት ቤቱ ወይም ለሠፈሩ ተመራጭ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ። አንድ ብቻ፣ ግን እስኪመለስ ድረስ።

ለወላጆች ሁሉ የምለምነው ነገር አለኝ። ልጆችን በፍርሃት አትጀምሩ። ዓለም ሊያልቅ ነው እየተባለ ያደገ ልጅ ክፍል ውስጥ አንገቱን ደፍቶ አየዋለሁ። ጠብታ የሚቆጥር፣ አፈር የሚያገላብጥ ልጅ ግን ሲናገር ዓይኑ ይበራል። ሥራ ስጧቸው፣ ጥፋቱን አታሸክሟቸው።

ከቁጥር አንጻር

ከቤት ውጭ ላለ አንድ ጥያቄ ይተው ያሉትን ተቀብያለሁ፣ መምህር። እኔ የምኖርበት ሕንፃ ደረጃ ላይ ቀን ሙሉ የሚበራ መብራት አለ፤ ከእሱ እጀምራለሁ። ኩባንያዎቹ ላይ ያለኝ ሐሳብ ግን እንዳለ ነው።

ሰብለ ወርቃማ

ስለ ፕላስቲክ ማንም አልተናገረም? የልጆቹ ጥያቄ እንዳይረሳ።

አፈርና ዘር

አልተረሳም እህቴ። ልጆቹ ያዩት ነገር እውነት ነው። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ መሠረት በዓለም ከሚጣለው ፕላስቲክ በመጨረሻ እንደገና ጥቅም ላይ የሚውለው 9 በመቶ ብቻ ነው። «ይለይና ይቀልጣል» በሚለው ብቻ መተማመን አይቻልም፤ የሚሻለው መጀመሪያውኑ አለመቀበል ነው። የአሉሚኒየም ጣሳ የተለየ ነው፤ እሱን መልሶ ማቅለጥ ከማዕድኑ ከመሥራት 95 በመቶ ያህል ኃይል ይቆጥባል። ጣሳ በፍጹም አይጣል።

ከረጢት ላይ ግን አስተውሉ። የዴንማርክ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ በአየር ንብረት ላይ ባለው ጫና ብቻ እንኳ ቢለካ አንድ የጥጥ ከረጢት ከተራው ፕላስቲክ ጋር ለመመጣጠን 52 ጊዜ ያህል መያዝ አለበት። ውሃውና ሌላው ሁሉ ሲታሰብ ቁጥሩ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። የጥጥ ከረጢት አትያዙ አይደለም የምለው፤ ያለውን ያዙ፣ እስኪቀደድ ያዙ፣ ሲቀደድ ይሰፋ። በየሄዱበት አዲስ «አረንጓዴ» ከረጢት መሰብሰብ ግን ጥቅም የለውም። እዚህ ላይ የጓዳው ሰው እናት ሁላችንንም ቀድመዋል።

አሮጌ መርፌ

ልጆቼ፣ በዕድሜ ሳልበልጣችሁ አልቀርም። የጓዳው ሰው እናት የተናገሩትን አውቀዋለሁ፤ እኛ ስናድግ ሌላ መንገድ አልነበረም። ልብስ ሲቀደድ ይሰፋል፣ ሲያንስ ለታናሽ ይሆናል፣ ከዚያ መወልወያ ይሆናል። ዛሬ ልጆች ቁልፍ መትከል አያውቁም፤ ቁልፍ የወደቀበት ሸሚዝ ይጣላል። መርፌና ክር ለወንዱም ለሴቱም አስተምሩ።

ሌላው የማብሰያ ነገር ነው። ባቄላና ምስር ማታ ይዘፈዘፍ። ጠዋት አንዴ በደንብ ካፈላችሁት በኋላ ድስቱን ከእሳት አውርዳችሁ በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልሉት። በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። እሳቱ ጠፍቶ፣ እናንተም ሌላ ሥራ ላይ ሆናችሁ ይበስላል።

ሽቦና ቧንቧ

እማማ፣ እርስዎ ያሉት እኔ በቁጥር ካልኩት ይበልጣል፤ ሙቀት እንዳይወጣ መሸፈን ሁልጊዜ ሙቀት ከመጨመር ይረክሳል። ለወጣቶቹ ለጥንቃቄ ያህል ልጨምር፦ ቀይ ቦሎቄ ከሆነ ከተዘፈዘፈ በኋላ ከመጠቅለሉ በፊት ቢያንስ 10 ደቂቃ በኃይል መፍላት አለበት። በደንብ ሳይፈላ ለብ እያለ ብቻ ከቆየ ሆድ የሚያውክ መርዝ ይቀርበታል። የተጠቀለለውም ከ60 ዲግሪ በታች ሳይወርድ ይበላ፤ ከቀዘቀዘ እንደገና ይፍላ።

አሮጌ መርፌ

ልጄ ልክ ነህ፤ እኛም ማፍላቱን አንዘልም ነበር። ተባረክ።

አዲስ ገቢ

ይቅርታ፣ እግረ መንገዴን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። የጓዳ ፍርፋሪ እያጠራቀምን ኮምፖስት ጀመርን፣ ግን በጣም ይሸታል። ጎረቤት ቅር ሊሰኝ ነው። እንተወው?

አፈርና ዘር

አትተዉት። ሽታው አየር አጣሁ እያለህ ነው። የአትክልት ልጣጭና የቡና አተላ እርጥብ ናቸው፣ ናይትሮጅን ይበዛባቸዋል፤ የካርቦን ድርሻ ያለው ደረቅ ነገር ጎድሎሃል። ብስባሹን የሚሠሩት ጥቃቅን ፍጥረታት የሚስማማቸው ካርቦኑ ከናይትሮጅኑ ከ25 እስከ 30 እጥፍ ሲሆን ነው። ይህን በሚዛን መለካት አያስፈልግም። ለአንድ ባልዲ እርጥብ ሁለት ወይም ሦስት ባልዲ ደረቅ ቅጠል፣ የተቀደደ ካርቶን ወይም ሰጋቱራ ጨምርበትና በደንብ አገላብጠው። በእጅህ ስትጨምቀው ጠብ ጠብ ሳይል እርጥበቱ ከተሰማህ ልክ ነው። ሥጋ፣ ዘይትና የወተት ነገር አታስገባ፤ አይጥ ይጠራል። ጥሩ ከሄደ መሐሉ 55 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይሞቃል፤ ክረምት ላይ እንፋሎቱ ይታያል። በቀጣዮቹ ቀናት ሽታው ካልጠፋ እንደገና አገላብጥና ደረቅ ጨምር።

ሥጋ ካነሣሁ፣ ብዙ ሰው «ከቅርብ የመጣ ምግብ ብሉ» ይላል። ጆሴፍ ፑርና ቶማስ ኔሜቼክ እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ሰፊ ጥናት የሚያሳየው ግን አብዛኛው ምግብ ወደ አየር ከሚያስለቅቀው የሚያሞቅ ጋዝ ውስጥ የመጓጓዣው ድርሻ ትንሽ መሆኑን ነው፤ በአውሮፕላን የሚመጣው ሲቀር። የሚበልጠው ምን እንበላለን የሚለው ነው፤ የከብት ሥጋ ከባቄላና ከምስር ጋር አይወዳደርም። ማንንም ከሚወደው ምግብ አልነጥልም። ሥጋው ከማዕድ መሐል ወደ ዳር ቢሄድ ራሱ ትልቅ ነው።

የጓዳው ሰው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ሁሉንም አነበብንና ወሰንን። «ቀድሞ የሚበላ» መደርደሪያውንና የገበያ ዝርዝሩን እኔ ወስጃለሁ። ፍሪጁ ውስጥ ያለውን የማውቀው ከዛሬ ጀምሮ እኔ እሆናለሁ። ትልቁ ልጅ ልብስ ማጠቢያውን ወሰደ፦ ሞልቶ ብቻ፣ 30 ዲግሪ፣ ማስጣቱም የሱ። መካከለኛዋ የቧንቧ ተቆጣጣሪ ሆናለች፤ የምግብ ቀለሙን ታንከር ውስጥ ጨምራ አፍሳሹን አግኝታለች። ትንሹ ከእናቴ ጋር መርፌ ይማራል። ባለቤቴ ከዝርዝሩ ላይ የወሰደችው ነገር የለም፤ ይህን የወሰንነው አውቀን ነው። ከቤት ውጭ ያለውን ጥያቄ ግን ራሷ መረጠች፦ የልጆቹ ትምህርት ቤት አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን ኩባያ እንዲተው ትጠይቃለች።

አንድ ያልተፈታ አለን። ፍሪጃችን ያረጀ ነው፣ ይጮኻል። እናቴ እስኪሞት ትላለች፣ እኔ ይቀየር እላለሁ። ሽቦና ቧንቧ፣ ምን ትላለህ?

ሽቦና ቧንቧ

ከመወሰናችሁ በፊት እነዚህን አድርጉ። በሩን ወረቀት አስገብታችሁ ዝጉትና ወረቀቱን ሳቡት፤ ያለ ምንም ተቃውሞ ከወጣ የበሩ ጎማ አርጅቷል፣ ጎማ ብቻ ይቀየራል። ከጀርባው ያለው ጥቁር መረብ አቧራ ከጠጣ ሶኬቱን ነቅላችሁ ጥረጉት፤ ከግድግዳም ትንሽ ራቅ ይበል። ብዙ ጊዜ ጩኸቱ ከዚህ ይመጣል።

ከዚያ ሶኬት ላይ የሚሰካ የፍጆታ መለኪያ ተዋሱና አንድ ሳምንት አቆዩት። ፍሪጅ ቀን ከሌት ስለሚሠራ፣ በብዙ ዕቃ ላይ እንደምንለው «እስኪያልቅ ያዙት» ሁልጊዜ አይሠራም። የሚበላው አዲሱ በሰሌዳው ላይ ከሚያሳየው ከሁለት እጥፍ በላይ ከሆነ መቀየሩ ያዋጣል፤ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ የእናትህ ሐሳብ ይጽና። ከቀየራችሁም አሮጌውን «ለመጠጥ ይሆናል» ብላችሁ ሁለተኛ አድርጋችሁ አትሰኩት፤ ቁጠባው በሙሉ እዚያ ይጠፋል።

ሲወገድ ደግሞ ለማንም የብረት ሰብሳቢ አትስጡት። በብዙ አሮጌ ፍሪጅ ውስጥ ያለው አር134ኤ የተባለው ጋዝ ወደ አየር ከወጣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,430 እጥፍ ያሞቃል፤ ጋዙን በመሣሪያ ስቦ የሚያወጣ ባለሙያ ይምጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 በኪጋሊ የተደረሰው ስምምነትም እንዲቀነሱ ያለው እነዚህን ዓይነት ጋዞች ነው። አዲስ ስትገዙ ሰሌዳው ላይ አር600ኤ የሚለውን ፈልጉ፤ የእሱ የማሞቅ ኃይል ከዚያኛው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

የሳምንቱን ቁጥር ስታገኝ እዚህ ጻፍልኝና አብረን እናስላው። የፍሪጁን መጠንም በሊትር ጨምርልኝ።